የኤለማ ጭምብልና የወንድሜ ስም

ቅዳሜ ዕለት ቁም ሣጥን ተሸክመን ነበር። የእኛ አይደለም፣ የጎረቤት ነው። ወንድሜ ታምራትና ሚስቱ ሰብለ ዙሪክ ከተማ፣ ዜባህ ሰፈር በሚኖሩበት ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ፖርቱጋላዊት አለች። ከሰው ያገኘችው አሮጌ ቁም ሣጥን መግቢያው ላይ ቆሞባት ነበር። ታምራት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። እኔ ከጄኔቭ ገና መድረሴ ነው፤ ጃኬቴን እንኳ አላወለቅኩም።

«ጥሩ ሰዓት መጣህ» አለኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ምሳ አይሻልም?»

«ምሳው አይሮጥም። ኪስህን ባዶ አድርግ።»

ቁልፌን፣ ስልኬን፣ የባቡር ካርዴን አውጥቼ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩ። እሱም ሰዓቱንና ቀለበቱን አውልቆ ለሰብለ ሰጣት። ሰብለ ከላይ የደረጃውን ብረት ተደግፋ ትስቃለች።

«ዛሬ ደግሞ ለቁም ሣጥን ቅዳሴ ሊገባ ነው» አለች።

«አንቺ መንገድ ልቀቂ።»

ከዚያ ባዶ እጁን ወጣ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሁለት እጁን ዕቃውን እንደያዘ ሰው ዘርግቶ፣ ሦስቱንም ፎቅ ቀስ ብሎ ይወጣል። የት እንደሚዞር፣ የት ክንዱ እንደሚነካ ያያል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የልጅ ጋሪ አገኘና አስነሣ። ወርዶ ከታች በኩል ያዘ። ከባዱን ጎን ለእኔ ሰጥቶኝ አያውቅም።

«በር» አለ።

«በር» አልኩ፤ እሱ የሚያጋጥመንን ይጠራል፣ እኔ መስማቴን እንዲያውቅ እደግማለሁ።

«ደረጃ።»

«ደረጃ።»

«እሳቸው ከባድ ናቸው» አለ መሐል ላይ። ቁም ሣጥኑን ነው እሳቸው የሚለው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አሳርፈን ቁጭ አለ። ላብ አጥምቆት ነበር። «ክሎተን አስረጀኝ» አለ። ክሎተን በሚባለው የዙሪክ አየር ማረፊያ ሻንጣ መጫን ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዕድሜው አርባ ነው። እኔ ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ አላውቅም።

ምሳ በላን። ልነግረው የመጣሁት ነገር ነበር። ሰብለ ሳህን ስታነሳ ልጀምር አልኩና ቡና ይምጣ አልኩ። ቡና ሲመጣ ኳስ ጀመረ አልኩ። ኳሱ መሐል ላይ ዞር ሳይል ስለምሠራበት የሙዚየም መጋዘን ጠየቀኝ።

«ዴፖው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«እሳቸውስ?»

ትልቁን ጭምብል ማለቱ እንደሆነ አውቄያለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«ደህና ናቸው» አልኩ።

አንገቱን ነቀነቀ። ወደ ኳሱ ተመለሰ። ማምሻውን እስከ አሥራ አራት ቁጥር ትራም ሸኘኝ። በማግስቱ እሑድ ከሥራ በፊት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ወደቀ። ከረፋዱ በኋላ ሰብለ ደውላ መሞቱን ነገረችኝ። ልቡ ነው አሉ። ከቆየ ሕመም ነው አሉ።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት የማኅበራችን ሰዎች ስለ ሥራህ ጻፍልን ስላሉኝ ነው። እዚህ አገር መጥተን ምን እንደሠራን ልጆቻችን እንዲያነቡት ነው ሐሳባቸው። እኔ የጽሑፍ ሰው አይደለሁም። አገር ቤት አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ የቀረውን ጄኔቭ ውስጥ በሌላ ቋንቋ ነው የተማርኩት። አሁን ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ረዳት ነኝ፤ ሰው ከአልጋ አነሣለሁ፣ አጥባለሁ። ከዚህ በፊት ግን ስድስት ዓመት የሙዚየም ዕቃ አንሺ ነበርኩ። ስለዚያ ሥራ ልጽፍ ስቀመጥ ስለ ወንድሜ ሳልጽፍ መጀመር አልቻልኩም። ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።

ታምራት ከእኔ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣል። ደብረ ብርሃን ልጅ ሆኖ ዲያቆን ነበር። ጄኔቭ የመጣው ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። ሰብለን ያገኛትም እዚያው ነው፤ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራ ነበር። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ስመጣ እሱ በሙዚየሙ ዴፖ የታወቀ ሰው ሆኖ ነበር። ዴፖ ማለት ለሕዝብ የማይታየው ዕቃ የሚቀመጥበት ከመሬት በታች ያለ ትልቅ መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። ሙቀቱም እርጥበቱም ሁልጊዜ አንድ ነው። ክረምት ይሁን በጋ የሚታወቀው በሰዎች ጫማ ነው።

እኔ የተቀጠርኩት ትምህርቴን ጨርሼ በሃያ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሣጥን ሥራ ነበር። እንጨት መቁረጥ፣ ስፖንጅ በቢላ መቅረጽ። ስፖንጅ መቅረጽ ቀላል ይመስላል። ዕቃው ሣጥኑ ውስጥ እንዲቀመጥ ሳይሆን እንዲንሳፈፍ ነው የሚፈለገው፤ የሚይዘው በጠንካራው ቦታ ብቻ ነው፣ የቀረው አየር ነው። ታምራት የቀረጽኩትን በጣቱ ይዳስስና «እዚህ ጋ ታንቃቸዋለህ» ይለኛል። እንደገና እጀምራለሁ።

አለቃችን ማዳም ኤሊዝ ነበሩ። የጥገና ባለሙያ ናቸው፤ ስድሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት። ማዳም ኤሊዝ ያስተማሩኝ ኮንስታ የሚባለውን ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ኮንስታ አለው። ልክ እንደ ታማሚ ካርድ ነው። ከመንቀሳቀሱ በፊትና ከተንቀሳቀሰ በኋላ ምን እንደሆነ፣ የት እንደተሰነጠቀ፣ ማን እንደነካው ይጻፍበታል። አይሰረዝም። የተሳሳተ ነገር ቢጻፍ እንኳ ከሥሩ ይጨመራል እንጂ አይሰረዝም።

የቀረውን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። ከፓፑዋ የመጡት የኤለማ ሰዎች ጭምብሎች ያሉበትን መደርደሪያ መጀመሪያ ያሳየኝ ቀን አልረሳውም። ኤለማዎች በዚያ አገር በስተ ደቡብ፣ በባሕር ዳር የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ትልቁን ጭምብል ሄቬሄ ይሉታል። የእኛው ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጥ ነበር። አጥንቱ ከቀጭን ሸምበቆ የተሠራ ነው፤ ላዩ ላይ ከዛፍ ልጥ የተቀጠቀጠ ጨርቅ ተወጥሯል። ፊቱ ጥርስ አለው፣ ትልልቅ ዓይን አለው። ቀዩ ከአፈር ነው፣ ጥቁሩ ከከሰል፣ ነጩ ከኖራ። ከታች እስከ ጉልበት የሚወርድ የቃጫ ዘርፍ አለው፤ ጨፋሪው እዚያ ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል። ያን ሁሉ ነገር አንድ ሰው ራሱ ላይ ተሸክሞ ከበሮ እየመታ ይጨፍራል።

«ስንት ይመዝናል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ይመዝናሉ በል።»

«ምን?»

«እሳቸው ናቸው። ሰው እሳቸውን ለመሥራት ዓመታት ፈጅቷል። አንተ ብለህ ልትጠራቸው ነው?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድም ነበረበት። ግን ወንድሜ በዚያ ዴፖ ውስጥ ማንንም ጭምብል አንተ ብሎ ሲጠራ አልሰማሁም። ጠዋት ሲገባ «እንደምን አደራችሁ» ይላል። አንድ ቀን ከማዳም ኤሊዝ ጋር ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ስናዛውር የአንዱ ዘርፍ ሲንቀጠቀጥ አይቶ «ዛሬ ደክመዋል፣ ለነገ እንተዋቸው» አለ። በአማርኛ ስለነበር እኔ ተረጎምኩላቸው። ማዳም ኤሊዝ አልሳቁም። ቃጫውን በመብራት አይተው ደርቆ እየተሰባበረ መሆኑን አገኙ። ለነገ ተውነው።

ኤለማዎች ይህን ጭምብል ትልቅ ቤት ውስጥ ተደብቀው ዓመታት ፈጅተው ይሠሩታል። ሲያልቅ የቤቱ ትልቅ በር ይከፈትና ጭምብሎቹ አንድ በአንድ ወደ ባሕሩ ዳር ይወጣሉ። የዘመድ ሴቶች ከፊታቸው እየጨፈሩ ይቀበሏቸዋል። አንድ ወር ያህል ይጨፈራል። ከዚያ በሥርዓት ይገደሉና ይቃጠላሉ። ይህን ማዳም ኤሊዝ ሲነግሩን ታምራት ወደ መደርደሪያው ዞረ። «እንግዲያው እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለ። ማዳም ኤሊዝ «የተሸጡ፣ የተረሱ፣ የተወሰዱ» አሉ።

አሁን ወደ ጨርቁ ልምጣ። ማዘግየት አልፈልግም።

ታምራት ጭምብል ከቦታ ቦታ ሲወሰድ ፊቱን ይጋርድ ነበር። የሙዚየሙ ደንብ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣው ነው፤ ቅዱስ ነገር በመንገድ ላይ ፊቱ ክፍት ሆኖ አይሄድም። አራት ቀጭን ዘንግ በጭምብሉ ዙሪያ ባለው መያዣ ላይ ያቆምና ነጭ ጨርቅ ይጥልበታል፣ እንደ መጋረጃ። ጨርቁ ፊቱን አይነካም። የሥራ ባልደረቦቻችን ይቀልዱበት ነበር። አንድ ቀን ግን ከኮርኒሱ ቧንቧ ዝገት ረግፎ ሁሉም ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ማዳም ኤሊዝ «ይጋርድ» አሉ። ለስድስት ወር የሚቆይ ኤግዚቢሽን ዙሪክ ውስጥ ሲዘጋጅ ያ ትልቁ ሄቬሄ እንዲሄድ ተወሰነ። ከእኔ የሥራ ዘመን አራተኛው ዓመት ነበር።

በዚያን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዴ ፔርሚ ኤፍ የሚባለው ነበር። ለማያውቅ፦ ኤፍ ማለት ለጊዜው ቆይ ማለት ነው። ቤ የሚባለውን የተሻለ ፈቃድ ለማግኘት ቋሚ ሥራ ማሳየት ያስፈልጋል። ማመልከቻዬ በካንቶኑ፣ በክልሉ መንግሥት ማለት ነው፣ ቢሮ ውስጥ ተከፍቶ ነበር። ሥራ ካጣሁ ፋይሉ ይዘጋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ታምራት ከሁላችንም ይበልጥ ያውቃል።

ከጉዞው ቀን በፊት ያንን ነጭ ጨርቅ ቤት ወስጄ አጠብኩት። ማንም አላዘዘኝም። ለእንዲህ ያለ ጉዞ የቆሸሸ ጨርቅ አይሆንም ብዬ ነው። ጠዋት ሳነሣው ጫፉ ደርቆ ነበር። መሐሉን አልነካሁትም።

ዴፖ ገባን። ጭምብሉን ሣጥኑ ውስጥ በጀርባው አስተኛነው፣ አሰርነው። የጭነት መኪናው ነጂ ወረቀት ይፈረምልኝ ብሎ ጮኸና ታምራት ወጣ። ዘንጎቹን ፈለግኩ። በሌላ ሣጥን ተጭነው ሄደዋል። ፊቱን ክፍት ልተወው አልኩ። አልቻልኩም። ወንድሜ ሲጋርድ አራት ዓመት አይቻለሁ፣ ለምን ጨርቁ እንደማይነካ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለማማር ይመስለኝ ነበር። እስከ ዙሪክ ነው አልኩ። ጨርቁን ፊቱ ላይ አለበስኩት። እንዳይንሸራተት ጠርዙን በስፖንጁ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ክዳኑን ገጠምኩ።

ታምራት ተመለሰ። ነጂው ከኋላው ይነጫነጫል።

«ጋረድካቸው?»

«ጋርጃቸዋለሁ።»

ሁልጊዜ ክዳን ከፍቶ ያያል። ያን ቀን አላየም። ብሎኑን ማጥበቅ ጀመርን።

ሣጥን ከጉዞ በኋላ ወዲያው አይከፈትም። የክፍሉን አየር እስኪለምድ አንድ ቀን ይቆያል። በማግስቱ ዙሪክ ሙዚየም ውስጥ ሄር ኡርስ የሚባለው የእነሱ ኃላፊ ባለበት ከፈትነው። ሄር ኡርስ ሁሉን ነገር በሜትር የሚለካ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ታምራት ክዳኑን አንሥቶ ጨርቁን አየ። ፊቱ ተለወጠ። ጨርቁን በሁለት ጣቱ ከጫፍ ይዞ በጣም ቀስ ብሎ አነሣ። ተጣብቆ ነበር። ትንሽ ድምፅ ነበረው፤ አሁንም እሰማዋለሁ። በግራ ዓይኑ ዙሪያ የነበረው ነጭ ኖራ አብሮ ተነሣ። ጨርቁ ላይ የዓይን ቅርጽ ቀረ። ጭምብሉ ላይ ባዶ ልጥ ቀረ።

ከዚያ ሄር ኡርስ ጠየቀ።

«ይህን የሸፈነው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ታምራት።

አፌን ከፈትኩ። ታምራት ወደ እኔ ሳያይ፣ ድምፁን ሳያነሣ በአማርኛ ተናገረ።

«ዝም በል። ወረቀትህ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል አልኩህ።»

ዝም አልኩ። ሄር ኡርስ «ምን ይላል?» አለኝ። «አዝኗል» አልኩት። በሐሰት የተናገርኩት የመጨረሻው ነገር እሱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጄኔቭ ስንመለስ ባቡር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አነሣው። ሎዛን ልንደርስ ስንል ነበር።

«ቤ እስክታገኝ ነው» አለ። «ከዚያ በኋላ እንደወደድክ ታደርጋለህ። አሁን አትነካካው።»

«አንተስ?»

«እኔ ቋሚው ሴ ፔርሚ አለኝ፣ ሁለት እጅ አለኝ። ምን ይሉኛል?»

ያሉት ይህን ነው፦ ከእንግዲህ ዕቃ አትንካ። አላባረሩትም። ባዶ ሣጥን ማንቀሳቀስ፣ ካርቶን ማጠፍ ሰጡት። ለአራት ወር ያን ሠራ። ወደ መደርደሪያዎቹ የሚገባበትን ካርድ ወስደውበት ስለነበር ጠዋት «እንደምን አደራችሁ» የሚለው ከመስተዋት በር ውጭ ቆሞ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ሲል አየሁት። ያየሁት አይመስለውም። ከዚያ ሰብለ ዙሪክ ውስጥ ሥራ አገኘች፣ እሱም ለቀቀ። ክሎተን ሻንጣ መጫን ጀመረ። ምንም ነገር የማይወረወርበት ቦታ አሥራ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ሻንጣ ሲወረወር ማየት እንዴት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ቤ ወረቀቴ ጭምብሉ በተጎዳ በስምንት ወሩ መጣ። ደወልኩለት። «እሰይ» አለ። ሌላ ነገር እንድጨምር የጠበቀ መሰለኝ። አልጨመርኩም። «በል እንግዲህ» አለና ዘጋ።

በዚያው ሳምንት የእሱን ቦታ ሰጡኝ። ካርዱን፣ ቁልፉን፣ ጓንት የሚቀመጥበትን መሳቢያ። ማዳም ኤሊዝ «ወንድምህ በደንብ አስተምሮሃል» አሉኝ። ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። ሰኞ እናገራለሁ አልኩ። ከዚያ ሌላ ሰኞ። ነገሩ በዘገየ ቁጥር ሁለት ነገር ሆነ፤ ያጠፋሁትና የዘገየሁት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እየከበደ ሄደ።

ባለፈው ጸደይ ከፓፑዋ እንግዶች መጡ። አንድ የኤለማ ሽማግሌና የእህታቸው ልጅ፣ አስተርጓሚያቸው እሷ ናት። ሙዚየሞች ውስጥ ያሉትን የእነሱን ዕቃዎች እየዞሩ ያያሉ። መደርደሪያውን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ሽማግሌው ቀጭን ናቸው፣ የሰው ትልቅ ካፖርት ለብሰዋል። ትልቁን ሄቬሄ ሲያዩ አጠገቡ ሄደው ቆሙ። አልነኩትም። በቋንቋቸው ረጅም ነገር አናገሩት። ልጅቷ ያንን አልተረጎመችም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ከዚያ በግራ ዓይኑ ዙሪያ ያለውን ባዶ አይተው ጠየቁ። ማዳም ኤሊዝ ቀላ ብለው አስረዱ፤ በጉዞ ላይ ጉዳት ደረሰ፣ በጣም እናዝናለን፣ ሠራተኛው ከዚህ ሥራ ተነሥቷል አሉ። ልጅቷ ተረጎመች። ሽማግሌው ሳቁ። ጥርስ የሌለው ሳቅ ነው፣ ክፋት የለበትም።

«ባሕሩ ዳር በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ነጩ የሚሄደው» አሉ። «ዝናብ አለ፣ የጨፋሪው ላብ አለ፣ ነፋስ አለ። ጨፋሪውን ለዚህ ብሎ የሚቆጣ የለም።» ቀጥለው ሌሎቹን ጭምብሎች በእጃቸው አሳዩ። «እዚህ ካሉት ውስጥ ውጭ የወጣ የሚመስለው ይሄ ብቻ ነው።»

ማዳም ኤሊዝ አጎነበሱ። ሽማግሌው ሠራተኛው የት እንዳለ ጠየቁ። ሊያዩት ፈልገው ነበር። «ዙሪክ ነው» አልኩ እኔ። እንግዶቹ በማግስቱ ዙሪክ እንደሚያልፉና ከዚያ እንደሚበሩ እየነገሩኝ ነበር። የሚበሩት ወንድሜ ሻንጣ ከሚጭንበት አየር ማረፊያ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። መደወል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

አልደወልኩም። ብደውል ነገሩ ሁሉ ይከፈታል። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፣ ልጻፈው። ጥፋት አይደለም ከተባለ ወንድሜ ይመለሳል፣ ቦታው የእሱ ነው ብዬ አሰብኩ። ለትንሽ ጊዜ ነው ያሰብኩት። ግን አስቤዋለሁ። ቅዳሜ ሄጄ በአካል እነግረዋለሁ አልኩ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ፣ አልነገርኩትም። ከዚያ በኋላም ብዙ ቅዳሜ ሄድኩ። የመጨረሻው የቁም ሣጥኑ ቅዳሜ ነው።

እሑድ ዜባህ ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ፖርቱጋላዊቷም አለች፣ ጥቁር ለብሳ ከሰብለ አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ አላለቀስኩም። የመጣውን ሁሉ ተቀበልኩ፣ ወንበር አመጣሁ፣ ውኃ አቀረብኩ። ሰው «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ እንዲህ ያለ ወንድም» ይለኛል። «አሜን» እላለሁ።

ሰኞ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ሰብለ ወጥ ቤት ቆማ አገኘኋት። ምንም እየሠራች አልነበረም። በሩን ገፋ አድርጌ ነገርኳት። ጨርቁን እኔ እንዳለበስኩት፣ እርጥብ እንደነበረ፣ ሽማግሌው ምን እንዳሉ። ባንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት። ጮኻ የምታባርረኝ መስሎኝ ነበር።

«የጨርቁን አውቃለሁ» አለች። «ባሌ ነው እኮ።»

«ምን ይልሽ ነበር?»

«ስላንተ ክፉ አላለኝም።» ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ቤው ከመጣ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንተን ሲጠብቅ፣ ዛሬ ‹ለሙዚየሙ ሰዎች ነገርኳቸው› ይለኝ ይሆናል ይል ነበር። ስትሄድ ደግሞ፣ ተዪው ገና ልጅ ነው ይላል።»

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።

«የሽማግሌውን ነገር ግን አላውቅም» አለች። «እሱን ብትነግረው ጥሩ ነበር፣ ዮናስ።»

ጃኬቴን ለበስኩ። ሳሎን ውስጥ ከማኅበሩ የመጡ አንድ አዛውንት አድረው ነበር፤ «የቀብሩ ጉዳይ ሳያልቅ ወዴት ነው?» አሉኝ። ሰብለ ከወጥ ቤት «ይሂድ፣ አባባ፣ ተዉት» አለች።

የመጀመሪያውን የጄኔቭ ባቡር ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ በፈረንሳይኛ የምናገረውን ሳጠና ሄድኩ። ማዳም ኤሊዝ የመጡት ከእኔ በኋላ ነው፤ ዜናውን ሰምተው ነበር። እጄን ያዙና «ዛሬ ለምን መጣህ?» አሉ።

«የሄቬሄውን ኮንስታ ማየት እፈልጋለሁ።»

ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ፣ በተሰባበረ ቋንቋ ነው የነገርኳቸው። ሄደው ፋይሉን አመጡና ጠረጴዛው ላይ ከፈቱት። ቁልፉ ከተሰጠኝ ጀምሮ ያን ፋይል መክፈት እችል ነበር። አንድ ቀን አልከፈትኩትም። ወንድሜ ለእኔ ሲል የጻፈውን ውሸት ማንበብ ፈርቼ ነው።

የታምራት የእጅ ጽሑፍ ትልቅ ነው፣ ፈረንሳይኛውንም እንደ አማርኛ ፊደል አንድ በአንድ ነው የሚያቆመው። እንዲህ ይላል፦

«ጨርቅ መጋረድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሣጥኑ ሲዘጋ ከፍቼ አላየሁም። ማየት የእኔ ሥራ ነበር።»

ሌላ ነገር የለም። ደግሜ አነበብኩት። እኔ ሸፈንኩ አላለም። በአፉ ያለውን በወረቀት አልጻፈውም። የራሱን ድርሻ ብቻ ጽፎ ፈርሟል። ከፊርማው ሥር ባዶ መስመሮች ነበሩ። ማንም ምንም አልጻፈባቸውም።

«እንዲህ ሲጽፍ ጠይቄው ነበር» አሉ ማዳም ኤሊዝ። «ሌላ የምትጨምረው አለ? አልኩት። የእኔ ይኸው ነው አለኝ። አልገባኝም ነበር።»

እስክሪብቶ ሰጡኝ። ከሥሩ ጻፍኩ፦ ጨርቁን ፊቱ ላይ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ያጠብኩትም እኔ ነኝ፣ አልደረቀም ነበር። ወንድሜ ሲጠይቀኝ ጋርጃቸዋለሁ አልኩት። ሽማግሌው ያሉትንም እንዳስታወስኩት ጻፍኩ፣ እሱ ኮንስታ ላይ መጻፍ ያለበት ነገር እንደሆነ አላውቅም። ስሜን ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ማዳም ኤሊዝ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ፈረንሳይኛዬ ስህተት ነበረው፤ አላረሙትም። «ሁለት ኮፒ ይስጡኝ» አልኩ። ሄደው አነሡልኝ። አንዱን ለሰብለ፣ ሌላውን ከታምራት ጋር እንዲቀበር አጥፌ ውስጥ ኪሴ ከተትኩ። ካርዱንና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ እሳቸውም መልሰው አልሰጡኝም፤ በሩ ድረስ ሸኙኝ። የቀብሩን ጉዳይ ለመጨረስ የረፋዱን ባቡር መያዝ ነበረብኝ።